አዳራሹ ከመፍረሱ በፊት

በአዳማ ለአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት የታሪክና የሕንጻ ኮሚቴ አባላት የቀረበ ንግግር ጽሑፍ

የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

የዛሬው ርዕሳችን አሮጌ አዳራሽ ነው። በከተማችን ብዙ አጥቢያዎች የቆርቆሮ ወይም የብሎኬት አዳራሻቸውን አፍርሰው ፎቅ ለማቆም ገንዘብ እያሰባሰቡ፣ ፕላን እያሠሩ ነው። ደግ ነገር ነው። ሕዝቡ በዝቷል፣ ቦታው ጠቧል። የሚያሳዝነው አፈራረሱ ነው። ሠላሳ ዓመት የተጸለየበት ቤት በሦስት ቀን ይፈርሳል፤ ቆርቆሮው ለሽያጭ፣ እንጨቱ ለማገዶ፣ አፈሩ በሲኖትራክ ተጭኖ ወደ መድፊያ ይሄዳል። በኋላ የኢዮቤልዩ መጽሔት ሲታሰብ በእጃችን የሚቀረው የመጋቢዎች ስም ዝርዝርና ሪባን ሲቆረጥ የተነሣ ፎቶ ብቻ ነው።

ዛሬ ልናስረዳችሁ የመጣነው አንድ ነገር ነው፤ በአዳማ የወንጌላውያን አዳራሽ ራሱ ሰነድ ነው። ወረቀቱ በጠፋበት፣ በተወረሰበት ወይም በፍርሃት በተቃጠለበት ከተማ ግድግዳው፣ ጣሪያውና ሊሾው ከቃለ ጉባኤ የበለጠ ይናገራሉ። እንዴት እንደሚነበቡ ካወቃችሁ፣ ለዚህ የሚበቃው አንድ ቅዳሜ፣ አንድ ሜትርና ሦስት ሰው ነው።

በመጀመሪያ ታሪኩ ከየት ይጀምራል የሚለውን እናጥራ። አብዛኛው የአጥቢያ ታሪክ “የመሠረት ድንጋይ ከተቀመጠበት ዕለት” ይነሣል። ይህ ለአዳማ አይሠራም። በነሐሴ 1936 ዓ.ም የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ፣ ድንጋጌ ቁጥር 3፣ አገሩን በሁለት ከፍሎ ነበር፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልልና ለሚሲዮን ክፍት የሆነ ክልል ብሎ። የያኔዋ ናዝሬት የወደቀችው በመጀመሪያው ውስጥ ነው። እዚህ ሚሲዮን ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት መክፈት ይችል ነበር፤ ሰውን ወደ ራሱ እምነት ማስገባት ግን አልተፈቀደለትም።

ስለዚህ ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ የሜኖናይት ሚሲዮን ወደ ከተማችን ሲመጣ የጀመረው በሐኪም ቤት ነው። ቤቱም የጥጥ መዳመጫ የነበረ ሕንጻ ነው። ያ ሐኪም ቤት በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም ተሰየመ፤ ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ የምንለው ነው። የመጀመሪያዎቹ 10 አማኞች በ1943 ዓ.ም ሲጠመቁ የተጠመቁት እዚህ አይደለም፣ አዲስ አበባ ሄደው ነው፤ ሕጉ እዚያ ይፈቅድ ነበርና። በ1950ዎቹ በወጣቶች መካከል የተነሣውና ሰማየ ብርሃን በመባል የታወቀው መነቃቃትም ቢሆን የራሱን ካቴድራል ይዞ የመጣ አልነበረም።

ይህን የምናነሣው ለታሪክ ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ፍለጋችሁን ይለውጠዋል። በዚህች ከተማ የወንጌላውያን አምልኮ የጀመረው ለአምልኮ ባልተሠሩ ክፍሎች፣ በሐኪም ቤትና በትምህርት ቤት ክፍል፣ በሰው ሳሎን ውስጥ ነው። ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ “ቤተ ክርስቲያን” የሚል ፋይል ብትጠይቁ የድሮውን አታገኙም። ሐኪም ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ መኖሪያ ቤት፣ አለዚያም በአንድ ግለሰብ ስም ብላችሁ ፈልጉ። የከተማዋንም ስም በሁለቱም ጠይቁ፤ አሮጌው ወረቀት ናዝሬት ነው የሚላት፣ አውራጃውም ይረርና ከረዩ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ምዕራፍ መዘጋቱ ነው። ጥር 1974 ዓ.ም ደርግ ከዚያ የሜኖናይት ሚሲዮን ሥራ የተነሣችውን የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘጋ፣ ንብረቷን ወረሰ፣ መሪዎቿን አሰረ። በተዘጋችበት ጊዜ አባላቷ ወደ 5,000 ነበሩ። ደርግ ከወደቀ በኋላ በሯ ሲከፈት ወደ 34,000 ደርሰው ተገኙ። ዘጠኝ ዓመት ተኩል በየቤቱ የተሰበሰበ ሕዝብ ማለት ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይዛችሁ ወደ ማንኛውም የ1980ዎቹ አዳራሽ ብትገቡ ቅርጹ ወዲያው ይገባችኋል። ለመቶዎች የተሠራ ቤት ሺዎች መጡበት። ጊዜ አልነበረም፣ ገንዘብም አልነበረም። ስለዚህ መካከል ላይ አሮጌው ቤት፣ በግራና በቀኝ ዝቅ ያለ የቆርቆሮ ክንፍ፣ ከፊት ደግሞ ሌላ ቅጥያ። ብዙ ሰው “ቅርጽ የሌለው ቤት” እያለ የሚያፍርበት ያ ነው። እኛ ግን እንደዚያ አናየውም። እያንዳንዱ ቅጥያ ሕዝቡ መቼ እንደበዛ የሚናገር የዓመት ቀለበት ነው፣ ልክ በዛፍ ግንድ ላይ እንደሚታየው።

ዓመተ ምሕረት ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ብዙ መጽሔት የተበላሸው በዚህ ነውና። የሚሲዮን ደብዳቤና የውጭ መዝገብ የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የእኛ ቃለ ጉባኤ በኢትዮጵያ። ቤተ ክርስቲያኗ የተዘጋችው በፈረንጆቹ 1982 ነው። አንድ ሰው ይህን ሳይለውጥ “በ1982 ተዘጋች” ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢው ደርግ ሊወድቅ አንድ ዓመት ሲቀረው የተዘጋች ይመስለዋል፤ የመከራው ዘመን በአንድ ብዕር ስምንት ዓመት ያጥራል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። ወሩ ያልተጻፈበትን ቀን ከእነ መጠራጠሪያው መዝግቡት፤ በግምት አትለውጡት።

እንግዲህ ወደ ሕንጻው እንግባ። ንባቡን ከውጭ ጀምሩ፣ ቢቻል ዝናብ በጣለ ማግስት። 10 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ አዳራሽ ጣሪያው 200 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ኃይለኛ ዝናብ 30 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 6,000 ሊትር ውሃ፣ 30 በርሜል ማለት ነው፣ ከዚያ ጣሪያ ይወርዳል። አሸንዳ ከሌለው ወይም አሸንዳው ከተበሳ ያ ሁሉ ውሃ የግድግዳው እግር ሥር ይወድቃል። የከተማችን አፈር በብዙ ሰፈር ቀላልና አመድ መሰል ነው፤ ደረቅ እያለ ጠንካራ ይመስላል፣ ውሃ ሲገባው ይሰምጣል። ጥቁር መረሬ ያለበት ሰፈር ደግሞ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በግድግዳው ላይ የምታዩት ስንጥቅ ብዙ ጊዜ መነሻው ከላይ፣ ከጣሪያው ነው።

ስንጥቁን ስታዩ ስፋቱ ወዴት እንደሚጨምር ልብ በሉ። ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ሽቅብ ወደ ቤቱ ጥግ የሚሄድ ስንጥቅ ጥጉ ወደ ታች መውረዱን ይጠቁማል፤ ያ ጥግ ጋ ሄዳችሁ ውሃ የሚጠራቀምበትን ፈልጉ። ስንጥቁ የቆመ ይሁን ገና የሚሄድ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ጀሶ በውሃ ለውሳችሁ በስንጥቁ ላይ እንደ መዳፍ የሰፋ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል የወፈረ ምርግ አድርጉ፤ ሳይደርቅ ቀኑን በምስማር ጫሩበት። በሰኔ ያደረጋችሁት በጥቅምት ሳይሰነጠቅ ከተገኘ ቤቱ ቆሟል። ለሁለት ከተከፈለ አሁንም እየወረደ ነው፣ ሰው ሳይሰበሰብበት መሐንዲስ ይጠራ።

አሁን ግድግዳው። የጭቃ ቤት ከሆነ በልስኑ ላይ አትፍረዱ፤ ከውጭ ሲሚንቶ የተለሰነ ስንት ጭቃ ቤት አለ! በር ላይ ቆማችሁ የግድግዳውን ውፍረት ለኩ። የጭቃ ግድግዳ በየቦታው ይለያያል፣ እዚህ 15 እዚያ 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ብሎኬት ግን ከነልስኑ እኩል ነው። በጣታችሁ አንኳኩ፤ ሲሚንቶው ከጭቃው የለቀቀበት ቦታ ባዶ ድምፅ ያሰማል። ይህ የሚሆንበት ምክንያት አለው፤ ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ሲሚንቶ ግን አይታዘዝለትም፣ ከኋላው የገባውን እርጥበትም ያፍነዋል። የዶሮ ሽቦ ተወጥሮ በምስማር ከተመታ በኋላ የተለሰነው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፣ ያለ ሽቦ የተለሰነው በጥቂት ክረምት ይረግፋል።

ልስኑ በረገፈበት ቦታ ቋሚውና ማገሩ ይታያል። እዚያ ጋ ቁጭ በሉ፣ ጊዜ ስጡት። ማገሩ በልጥ ወይም በገመድ ታስሯል ወይስ በምስማር ተመትቷል? ቋሚው ባሕር ዛፍ ነው ወይስ ጥድ? በቋሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ስንት ነው? በአንድ ቤት ውስጥ ግማሹ በልጥ ግማሹ በምስማር ከሆነ ሁለት ጊዜ የተሠራ ቤት ነው፣ ልኩን ይዛችሁ መገናኛውን ፈልጉ። በአፈርና በአየር መገናኛ፣ ማለት ከመሬት እስከ አንድ ስንዝር ከፍታ፣ እንጨቱን በቢላዋ ጫፍ ውጉት። ሳትገፉት አንድ ሴንቲ ሜትር ከገባ በስብሷል። መበስበስ የሚጀምረው እዚያ ነው፣ እርጥበትም አየርም ያገኛልና፤ ጥልቅ የተቀበረው ጫፍ ብዙ ጊዜ ከእሱ ይሻላል። የእንጨቱ እግር ጥቁር ቅባት መሰል መታጠቂያ ካለው በተቃጠለ ዘይት ተነክሯል ማለት ነው፤ ምስጥን ለመከላከል አናጢዎች የሚያደርጉት ነው። ሳይነከር የቆመው ቋሚ ላይ ደግሞ የምስጥ የጭቃ መንገድ ወደ ጣሪያ ሲወጣ ታያላችሁ።

ጣሪያው ሌላ መጽሐፍ ነው። አዳማ የነፋስ ከተማ ናት፤ ከከተማው አናት ላይ የቆሙት የንፋስ ተርባይኖች፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ 34፣ በሁለተኛው 102፣ ለዚያ ምስክር ናቸው። ነፋሱ ጣሪያን የሚነጥቀው ከመሃል አይደለም፣ ከጫፍና ከጥግ ነው፤ ሥሩ ገብቶ ወደ ላይ ይገፋል። ልምድ ያለው አናጢ በጫፍ በኩል ምስማሩን ያጠጋጋል፣ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ይመታል። በሸለቆው ላይ የተመታ ምስማር ውሃ በሚሄድበት መንገድ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ ነው።

ኮርኒሱ ውስጥ ሰው ስታስገቡ ባትሪ ይዞ የቆርቆሮውን የሥር ፊት ይመልከት። ከላይ የተቀባ ወይም የዛገ ቆርቆሮ ከሥር የፋብሪካውን ማኅተምና የውፍረት ቁጥር ይዞ ይገኛል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል፤ ባለ 28 ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 35 ወደ 0.2 ነው። በመሃል ባለ 28፣ በክንፎቹ ባለ 35 ካገኛችሁ፣ የትኛው በተረጋጋ ጊዜ የትኛው በጥድፊያና በጭንቅ እንደተሠራ ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋችሁም። ከሁሉ የሚያስደንቀን ግን ሁለት ረድፍ ቀዳዳ ያለው ቆርቆሮ ነው። አንዱ ረድፍ ምስማር አለበት፣ ሌላው ረድፍ ባዶ ነው፣ በሬንጅ ወይም በማስቲካ ተደፍኗል። ያ ቆርቆሮ ከሌላ ቤት ጣሪያ ወርዶ የመጣ ነው። የማን ቤት ነበር? ማን ሰጠው? ይህን ጥያቄ ለሽማግሌዎች ይዛችሁ ስትሄዱ በቃለ ጉባኤ ያልተጻፈ ታሪክ ይወጣል።

ካፕሪያታውንም፣ ማለት ጣሪያውን የሚሸከመውን ባለ ሦስት ማዕዘን የእንጨት ማዕቀፍ፣ አጥኑ። በነገራችን ላይ ካፕሪያታ፣ ፌሮ፣ አርማታ፣ ላሜራ፣ ብሎኬት፣ ሊሾ፣ እነዚህ የግንበኞቻችን ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ቋሚ፣ ማገር፣ ምርግ፣ ወጋግራ ደግሞ የራሳችን። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሁለቱም ቋንቋ አብሮ ይኖራል፤ አናጢውን ቃለ መጠይቅ ስታደርጉ እሱ በሚጠራበት ስም ጻፉ፣ በመዝገበ ቃላት አታሳምሩት። ወደ ካፕሪያታው ስንመለስ፣ የተለመደው ጥፋት የሥረኛውን አግዳሚ እንጨት መቁረጥ ነው። መድረክ ከፍ ሲል፣ ፕሮጀክተር ሲገባ፣ “ይህ እንጨት ይጋርዳል” ተብሎ ይቆረጣል። ያ እንጨት ሁለቱን ግድግዳዎች እንዳይከፈቱ የሚይዝ መቀነት ነው። ሲቆረጥ ጣሪያው ወደ ታች ይከብዳል፣ ግድግዳው ከአናቱ ወደ ውጭ ይጋደላል። በአሞጽ መጽሐፍ የምናነበውን ቱንቢ ከግድግዳው አናት አንጠልጥላችሁ ከላይና ከታች ያለውን ርቀት ለኩ። በ3 ሜትር ከፍታ ላይ ልዩነቱ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ካለፈ፣ ታሪክ መሰብሰቡን አቁማችሁ ሕዝቡን ጠብቁ።

አሮጌው ጣሪያና የክንፉ ጣሪያ የሚገናኙበት መስመር ሁልጊዜ ያፈሳል። የላይኛው ጣሪያ ውሃ በሙሉ በታችኛው ላይ ይወርዳልና፣ በመካከል የተኛው አሸንዳ ጠባብ ከሆነ ወይም ቅጠል ከዘጋው ወደ ውስጥ ይገለበጣል። በኮርኒሱ ላይ እንደ ሻይ ቀለም የተዘረጋው የእርጥበት መስመር የድሮው የውጭ ግድግዳ የት እንደነበር በትክክል ያሳያችኋል። ስለ ኮርኒስም፣ ዝናብ ሲመጣ በባዶ ቆርቆሮ ሥር ስብከት አይሰማም። አጥቢያው አቡጀዲ ወጥሮ፣ በኋላ ችፑድ የመታው ብዙ ጊዜ ለጌጥ ሳይሆን ቃሉ እንዲሰማ ነው። ችፑዱን ስታነሡ አቡጀዲው ከነምስማሩ ከላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ።

ወለሉን በእርጥብ መጥረጊያ አጥባችሁ ሲደርቅ ተመልከቱት። ፈርሶ የተነሣ ግድግዳ በሊሾው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ትቶ ያልፋል፤ በአንዱ በኩል ሊሾው የተለየ ቀለም አለው፣ በሌላው በኩል የተለየ። የድሮው መድረክ ጥላው ይቀራል። የብረት አግዳሚ ወንበር እግሮች የዝገት ነጥብ ይተዋሉ፤ ነጥቦቹን ብትቆጥሩ የወንበሩን ረድፍ ብዛት፣ ከረድፉም የሕዝቡን ቁጥር መገመት ትችላላችሁ። 8 በ16 ሜትር የሆነ አዳራሽ 128 ካሬ ሜትር ነው፤ መድረክና መተላለፊያ 30 ቢወስድ፣ ለአንድ ሰው ግማሽ ካሬ ሜትር ብንይዝ ወደ 200 ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጣል። በቃለ ጉባኤ “በዕለቱ 600 ምዕመናን ተገኙ” የሚል ካያችሁ ወይ ውጭ ድንኳን ነበረ፣ ወይ ክንፉ በዚያን ጊዜ ተሠርቷል፣ ወይ ቁጥሩ በደስታ የተጻፈ ነው።

ተወርሶ የነበረ ቤት ከሆነ ደግሞ ሌላ ምልክት ፈልጉ። ለስብሰባ፣ ለመጋዘን ወይም ለመማሪያ ክፍል የዋለ አዳራሽ መደርደሪያ የተሰካበት የምስማር መስመር፣ የጥቁር ሰሌዳ አራት ማዕዘን፣ በኖራ ሥር የተሸፈነ የመፈክር ፊደል ይዞ ይቀራል። ቀለሙን በጥፍር አትፋቁት። ጠፍጣፋ ቢላዋ ይዛችሁ እንደ ቴምብር የምታህል ቦታ ላይ ንብርብሩን በየደረጃው አጋልጡ፣ ከላይ እስከ ታች ቁጠሩና ፎቶ አንሡት። መፈክሩ ሊያስቆጣ ይችላል፤ ግን እሱም የቤቱ ታሪክ ነው።

የጥምቀት ገንዳ ካለ መለካት አትርሱ። 2 በ3 ሜትር ሆኖ 1.2 ሜትር ከጠለቀ 7,200 ሊትር ይይዛል፣ ከ7 ቶን የሚበልጥ ክብደት ነው። የቧንቧ ውሃ በሚቆራረጥበት ሰፈር ያን ለመሙላት በጄሪካን የተመላለሱ ሰዎች አሉ፣ ጠይቁ። የድሮ ገንዳ ብዙውን ጊዜ ያፈሳል፤ ወለሉና ግድግዳው በአንድ ጊዜ ካልተሞላ በመገናኛው ይከፈታል፣ ውሃውም ወደዚያው አመድ አፈር ገብቶ መድረኩን ያሰምጠዋል። በመድረክ አካባቢ ብቻ የተዘነበለ ወለል ካያችሁ መጀመሪያ ገንዳውን ጠርጥሩ።

ልኬቱን እንዴት እንደምትይዙ እንናገር። 30 ወይም 50 ሜትር የሆነ ሜትር፣ አንዱ ዜሮውን ይዞ ጥግ ላይ ይቁም፣ ሁለተኛው ጫፉን ይዞ ይሂድ፣ ሦስተኛው ይጻፍ። በር በበር፣ መስኮት በመስኮት ተቆራርጦ አይለካ፤ ስሕተቱ ይደራረባል። ሜትሩ ከአንድ ጥግ እስከ ሌላው ይዘርጋና እያንዳንዱ መስኮት የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ከዚያው ዜሮ ይነበብ። ከዚያ ሁለቱን ሰያፍ፣ ከጥግ ወደ ጥግ፣ ለኩ። እኩል ካልሆኑ ቤቱ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ብዙዎቹ አይደሉም። ይህ ሳይለካ የተሣለ ፕላን ያልነበረ ቤት ፕላን ነው። በ1 ለ100 ስትሥሉ 20 ሜትር 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ በተራ ወረቀት ላይ ይገባል። ፎቶ ከአራቱም ጥግ፣ ከውስጥም ከውጭም ይነሣ፤ በየፎቶው ውስጥ የልኬት ዘንግ ወይም ቢያንስ የተዘረጋ ሜትር ይታይ።

ከወረቀት ወገን ሰው የማያስባቸው ሁለት ምንጮች አሉ። አንደኛው የሠርግ አልበም ነው። አዳራሹን ብቻ ብሎ ፎቶ ያነሣ ሰው የለም፤ ሙሽሮችን ግን ሁሉም አንሥቷል። ከሙሽራዋ ቬሎ ኋላ የመስኮቱ ዓይነት፣ ኮርኒሱ፣ የመድረኩ ጨርቅ፣ የመብራቱ ገመድ ይታያል፤ የሠርጉ ቀን ደግሞ አይረሳም። ከተለያየ ዓመት ዐሥር የሠርግ ፎቶ ብታሰባስቡ፣ የእንጨት መስኮቱ በብረት የተቀየረው በየትኞቹ ሁለት ሠርጎች መካከል እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሁለተኛው የካሴት ቅጂ ነው። የድሮ መዘምራንና ስብከት የተቀዳበት ካሴት ላይ የዝናቡ ጩኸት በቆርቆሮው ላይ ይሰማል፣ ኮርኒስ ከተመታ በኋላ የተቀዳው ላይ ግን ደብዛዛ ነው። ከነዚህ ሌላ የመብራት ቆጣሪ ውል፣ የግብር ደረሰኝ፣ የይዞታ ካርታ፣ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ደረሰኝ ሁሉ ይሰብሰብ።

ሰዎችን ስትጠይቁ እቤታቸው አትጠይቁ፤ ደግፋችሁም ቢሆን አዳራሹ ውስጥ አምጧቸው። ሰው ምሰሶውን ሲነካ ያስታውሳል። “መቼ ተሠራ?” የሚል ጥያቄ መልስ የለውም። “ጋሼ፣ ይህ ምሰሶ ሲቆም እርስዎ የት ነበሩ?” “እማማ፣ ጭቃው ሲቦካ ጭዱ ከየት መጣ? የመጨረሻ ልጅዎ ተወልዶ ነበር?” ብላችሁ ጠይቁ፤ ከልጁ ዕድሜ ዓመቱን ታገኛላችሁ። ሽማግሌዎችን ብቻ አትጠይቁ። ውሃ የቀዱ እናቶች፣ አናጢው፣ ዘበኛው የሚያውቁትን ኮሚቴ አያውቀውም። በኦሮምኛ መናገር የሚቀናቸውን በኦሮምኛ ቅዱ፤ ትርጉሙ በኋላ ይደርሳል። በስደቱ ዘመን ቤታቸውን ለጸሎት የከፈቱትን ሰዎች ስም ግን ያለ ራሳቸው ወይም ያለ ልጆቻቸው ፈቃድ አትጻፉ።

በመጨረሻ፣ ማፍረሱ ራሱ። ከኮንትራክተሩ ጋር በምትፈራረሙት ውል ላይ ሦስት የማቆሚያ ሰዓት ይጻፍ፣ በቃል አይቅር። የመጀመሪያው ኮርኒሱ ሲነሣ ነው፤ ካፕሪያታውና የቆርቆሮው ሥር ለብቻው የሚታይበት ጊዜ ያ ብቻ ነው። ሁለተኛው ልስኑ ሲረግፍ። የአስቤስቶስ ክዳን ካጋጠማችሁ ማንም በእጁ አይስበረው፣ ደረቁንም አይጥረገው፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል፣ በውሃ ርሶ ሙሉውን ይውረድ። ከእያንዳንዱ ዘመን አንድ ክንድ ቆርቆሮ፣ ሁለት ምስማር፣ እጅ የሚሞላ ምርግ፣ የቋሚ ቁራጭ አስቀሩ። በእያንዳንዱ ላይ የወጣበት ግድግዳና ቀኑ ይጻፍበት፤ ካርቶን ውስጥ ሆኖ ከወለል ከፍ ባለ ደረቅ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፣ ምስጥ ካርቶንም ይበላልና።

ሦስተኛው ማቆሚያ የመድረኩ ሥር ነው። ኤክስካቫተሩ እዚያ ከመድረሱ በፊት ግማሽ ቀን ጠይቁ። መድረክ ብዙ ጊዜ የተሠራው በአሮጌው ወለል ላይ ሙሌት ተደልድሎ ስለሆነ፣ ከሌላው ቦታ ሁሉ የጠፋው የመጀመሪያው ወለል እዚያ ሥር ተሸፍኖ ይቆያል። በአካፋ ቀስ ብላችሁ ሙሌቱን አንሡ። የመጀመሪያው ሊሾ ወይም የተደለደለ አፈር ሲገለጥ ከአዲሱ ወለል ያለውን ጥልቀት ለኩ፣ ከአራቱም በኩል ፎቶ አንሡ፣ የቋሚዎቹን ጉድጓድ ቁጠሩ። ከዚያ ማሽኑ ይግባ።